ሰርገኛ መጣ፣ መብራት አምጡ

ምግብ ቤት ውስጥ "ዛሬ ለገጻችን ቪዲዮ እንቀርጻለን" በተባለ ቀን መጀመሪያ የሚደርሰው ምግቡ ነው። በርገሩ ከነግርማው መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ይሰየማል፤ ስልክ መፈለግ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። "ጥሩ ካሜራ ያለው የማን ነው?" የሚል ክርክር ይነሳል። የተመረጠው ስልክ ባትሪው 4 በመቶ ነው። ቻርጀር ተገኝቶ ቀረጻው ሲጀመር ደግሞ "ቦታ ሞልቷል" ይላል፤ ያለፈው ዓመት የልደት ቪዲዮዎች አንድ በአንድ እየተከፈቱ፣ እየተሳቀባቸው፣ "ይቺን እንኳ ተዋት" እየተባለ ይሰረዛሉ። እስከዚያ የድንች ጥብሱን ጉልበቱ ከድቶታል፣ ሰላጣው አንገቱን ደፍቷል፣ የቀለጠው ቺዝ ረግቶ ፕላስቲክ መስሏል። ባለቤቱ ሳህኑን ትኩር ብሎ ያይና "ሼፍ፣ ዛሬ ምን ነክቶሃል?" ይላል። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይኸው ነው፤ ልዩነቱ፣ እዚህ በርበሬው እስኪቀነጠስ የሚያረጀው ሰርገኛው ራሱ መሆኑ ነው።

ካሜራ ፊት የቀረበ ምግብ ዕድሜው በደቂቃ ይቆጠራል። የሰላጣ ቅጠል ጨውና ኮምጣጤ ሲነካው ውሃውን መልቀቅ ይጀምራል። ስለዚህ ቅጠሉ በበረዶ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ፣ ተራግፎና ደርቆ ይቀርባል፤ ማጣፈጫው የሚፈስበት ካሜራው ከበራ በኋላ ነው። ስጋ ከመጥበሻ እንደወረደ ከተቆረጠ ጭማቂው ሳህኑን ያጥለቀልቀዋል፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይረፍ። ሲቆረጥ ደግሞ ፊቱ ቶሎ ይደርቃልና በብሩሽ ዘይት ቀባ ይደረጋል። ሰውስ ፎቶ ሊነሳ ሲል ፊቱን ይቀባ የለ?

መድኃኒቱ ምትክ ሳህን ነው። በፊልም ሥራ መብራት እስኪስተካከል በዋናው ተዋናይ ቦታ ሌላ ሰው እንደሚቆም ሁሉ፣ ለምግብም የሚቆምለት ያስፈልጋል። መልክ የሌለው፣ የተቃጠለ፣ የተዛነፈ ሁለተኛ በርገር ይቀመጥና ትራይፖዱ፣ ብርሃኑ፣ ሹካው የሚያርፍበት ቦታ፣ ሁሉም በእሱ ይስተካከላል። ዋናው ከወጥ ቤት የሚጠራው "አሁን ቢመጣ መጫን ብቻ ነው" ሲባል ነው።

ብርሃኑስ? የስልክ ፍላሽ ምግብን የመታወቂያ ፎቶ ያስነሳዋል፦ ፊት ለፊት፣ ያለ ጥላ፣ ግንባሩ ወዝቶ። ምግብ የሚያምረው ብርሃን ከጎኑ ወይም ከኋላው ሲመጣ ነው፤ ያኔ የሾርባው ወለል ያበራል፣ የዳቦው ቅርፊት ሸካራነት ይታያል። ጠረጴዛው መስኮት አጠገብ ይሁን፤ ፀሐይ በቀጥታ ከገባ ስስ ነጭ መጋረጃ ይጋረድ፤ ከመስኮቱ ተቃራኒ ነጭ ካርቶን ተይዞ የጨለመውን ጎን ያብራ። እንፋሎትም የሚታየው ከኋላው ብርሃን፣ ከብርሃኑ ወዲያ ጥቁር ግድግዳ ሲኖር ብቻ ነው። ነጭ ግድግዳ ፊት የሚጨስ ሾርባ ለካሜራ ቀዝቃዛ ሾርባ ነው።

የጣሪያው አምፖል ይጥፋ። "ይብራ፣ ብርሃን ይጨምራል" የሚል ሰው አይጠፋም፤ ችግሩ የቀለም ነው። የብርሃን ቀለም በሚለካበት ኬልቪን በተባለ መለኪያ የቀን ብርሃን ወደ 5500፣ ቢጫው አምፖል ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን ነው፤ ካሜራው አንዱን ነጭ ሲያደርግ ሌላውን ይስታል። ውጤቱ፣ ግማሽ ጎኑ በብርድ ሰማያዊ የሆነ፣ ግማሽ ጎኑ ጉበቱን የታመመ የሚመስል ሩዝ ነው።

ከዚያ የአንሺው አቋቋም አለ። ፒዛ ጠፍጣፋ ነውና ከላይ ይነሳል፤ ጎድጓዳ ሳህን በ45 ዲግሪ ግድም ይታያል፤ በርገርና ተነባብሮ የቆመ ነገር ከፊት ለፊት፣ በቁመቱ ልክ። ግን ወንበር ላይ ወጥቶ በርገርን ከአናቱ የሚያነሳ ሰው በየቦታው አለ። ስጋው፣ ቺዙ፣ ቲማቲሙ ሁሉ ተደብቆ ፎቶው ላይ የሚቀረው የዳቦው መላጣ ብቻ ነው። ስልኩን ሳህኑ ላይ መደቀንም አያዋጣም፤ የቀረበው አብጦ የራቀው ይኮሰምናል። ራቅ ብሎ 2 እጥፍ አቅርቦ ማንሳት ይሻላል። ከሁሉ በፊት ግን ሌንሱ ይጠረግ። ወጥ ቤት የዋለ ስልክ ሌንስ ላይ ያለው የጣት ቅባት፣ አንሺው "ሲኒማዊ ጭጋግ" የሚለውን ነገር በነጻ ይሰጣል።

የሚሳበው ቺዝ የዘመኑ ንጉሥ ስለሆነ ሥርዓቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ውሃው አነስ ያለ ሞዛሬላ ይመረጣል፤ ውሃ የበዛበት ትኩሱ ዓይነት ይንጠባጠባል እንጂ አይሳብም። ፒዛው አስቀድሞ ይቆረጣል፤ በቁራጩ ጠርዝ ላይ ተጨማሪ ቺዝ ይነሰነስና ዳግም ምድጃ ይገባል። ከወጣ በኋላ ያለው ጊዜ አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። ቁራጩ በዝግታ ወደ ላይ ይነሳል፤ ፈጠን ካሉ ይበጠሳል፣ ከዘገዩ ይረጋል። በቀስታ እንቅስቃሴ፣ በሰከንድ 120 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ከተቀረጸ ብዙ ብርሃን ይፈልጋል፤ በአምፖል ሥር ከሆነም ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል፣ በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ የሚሠሩ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላሉና። ይህን ሁሉ አሟልቶ፣ ቺዙ በተሳበበት ቅጽበት ከጀርባ "ሒሳብ!" የሚል ድምፅ መግባቱ አይቀርም።

የማታለሉ ጥበብ የቆየ ነው። ለቁርስ እህል በወተት ፋንታ ነጭ ሙጫ፣ ለፓንኬክ በሽሮፕ ፋንታ የሞተር ዘይት፣ ለክሬም የጺም መላጫ አረፋ። ካምቤል የተባለው የአሜሪካ ሾርባ አምራች ለማስታወቂያ በተነሳ ሾርባ ሥር የመስታወት ብይ ተደርጎ አትክልቱ ወደ ላይ ተንሳፍፎ በመታየቱ፣ ጉዳዩ የአገሪቱ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ዘንድ ደርሶ በ1970 እ.ኤ.አ. በስምምነት ትእዛዝ ተዘግቷል። ብይ ከማጠራቀም ዝርግ ሳህን መምረጥ ይቀላል፤ ያው ሾርባ፣ ያው አትክልት፣ ግን የሚሰጥምበት ጥልቀት የለውም።

ፊልተርም የብይ ታናሽ ወንድም ነው። ቀለሙ እስከ ጥግ የተገፋ ቲማቲም የትራፊክ መብራት ይሆናል። ደንበኛው ስልኩን ሳህኑ አጠገብ አስደግፎ አንዴ ወደዚያ፣ አንዴ ወደዚህ እያየ "ይኼ ነው ያኛው?" ሲል የሚመልሰው አንሺው ሳይሆን ምስኪኑ አስተናጋጅ ነው።

ቀረጻው ሲያልቅ ሠራተኛው ሁሉ ሹካ ይዞ ይከባል። ዋናው ሳህን ከ2 ሰዓት በላይ እዚያው ከዋለና ስንት እጅ ከነካካው ይጣላል፤ ባለቤቱ እየተቃጠለ "በቃ፣ ምትኩን ብሉ" ይላል። ምትኩ ግን የለም። ነጩን ካርቶን የያዘው ልጅ፣ ካርቶኑ ለምን ሲንቀጠቀጥ እንደዋለ ሲጠየቅ፣ አፉን ጠርጎ እስኪውጥ ይጠበቃል።