ስልክ ለደወሉ ሁሉ ምስጋና ይድረሳቸው

ሀገር የሚጠበቀው በወታደር ብቻ ነው ያለው ማነው? በስልክም ይጠበቃል። ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ቁጥር የሚያዞር፣ «እቺን ሴትዮ አንሱልን» ብሎ ዘግቶ ወደ እራቱ የሚመለስ ዜጋ አለ። አያጣራም። አይጠይቅም። ግን ይደውላል። ለዚህ ዓይነቱ ዜጋ እስከ ዛሬ አንድ ሐውልት እንኳ አለመቆሙ ይቆጨኛል።

የሙያው ቁንጮዎች በ1950 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ ነበሩ። እጃቸው ላይ የወደቀችው ተዋናይት ጂን ሚዩር ትባላለች። በ1930ዎቹ ለዋርነር ብራዘርስ ፊልም ትሠራ የነበረች ናት። በ1935 ከሼክስፒር ተውኔት በተሠራ ፊልም ላይ ሄሌናን ሆና ተጫውታለች። ችሎታዋን የሚያማ የለም። አንድ ክፉ አመል ግን ነበረባት፤ ትጠይቃለች። ካሜራው እንዴት ነው የሚሠራው? መብራቱ ለምን እዚህ ሆነ? ስቱዲዮው ነዝናዛ አድርጎ ቆጠራት። በዚያ ላይ የተዋናዮች ማኅበር ውስጥ ገብታ ስለ መብት ታወራለች። ጥያቄ የምታበዛ ሴት መጨረሻዋ ምን እንደሚሆን እናውቃለን መቼም።

ዘመኑ አሜሪካ ኮሚኒስት አጥብቃ የምትፈራበት ነው። በጁን 1950 ሬድ ቻነልስ የሚባል መጽሐፍ ወጣ። የቀድሞ የኤፍቢአይ ሰዎች ያቋቋሙት ድርጅት ነው ያሳተመው። ውስጡ የ151 ሰዎች ስም አለ፤ ተዋናይ፣ ደራሲ፣ ሙዚቀኛ፣ ጋዜጠኛ። አዘጋጆቹ ጨዋዎች ስለሆኑ ማንንም በቀጥታ «ኮሚኒስት ነህ» አላሉም። የት እንደፈረመ፣ የትኛው ማኅበር ውስጥ ስሙ እንደታየ ከግርጌው ይዘረዝሩና ቀሪውን ለአንባቢ ሕሊና ይተዋሉ። እሳት በሌለበት ጭስ አይኖርም አይደል? ጂን ላይ ከተቆጠሩት ጭሶች አንዱ የእንኳን አደረሳችሁ ቴሌግራም ነው። የሞስኮ አርት ቲያትር 50 ዓመት ሲሞላው ፈርማለች። ቲያትረኛ ለቲያትረኛ እንኳን አደረሰህ ሲል መንግሥት እንደሚገለበጥ አታውቁም ነበር? እነሱ ያውቃሉ።

በኦገስት ወር ጂን በኤንቢሲ ቴሌቪዥን «የአልድሪች ቤተሰብ» በተባለ ድራማ እናት ሆና ልትተውን ተቀጠረች። ልምምዱ አልቆ፣ የአዲሱ ዙር የመጀመሪያ ክፍል ኦገስት 27 ሊተላለፍ ነው። እዚህ ላይ ነው ጀግኖቻችን «ስሟ መጽሐፉ ውስጥ አለ» ብለው ስልክ ያነሱት። ስንት ሺህ ሆነው ይመስላችኋል? ከ20 እስከ 30 ቢሆኑ ነው። አንድ ደህና ማኅበር እንኳ ከዚህ በላይ ሰው ይሰበስባል። ድራማው ግን በዕለቱ ቀረ።

የድራማው ስፖንሰር ጀነራል ፉድስ ነበር፤ ጄሎን የሚሠራው። ጄሎ በማንኪያ ነካ ሲያደርጓት የምትንቀጠቀጥ ጣፋጭ ናት። ኩባንያውም እንደ ምርቱ ተንቀጠቀጠ። መግለጫው ግን ሊደነቅ ይገባል። ስለ ሴትዮዋ የተባለው እውነት ይሁን ሐሰት ፍርድ አንሰጥም፤ ነገር ግን አወዛጋቢ ሆናለች፤ አወዛጋቢ ሰው ደግሞ ሽያጭ ይጎዳል። እንዴት ያለ ንጹሕ አሠራር ነው! ከሳሽ የለ፣ ምስክር የለ፣ ፍርድ የለ። ስምሽ ተነሳ፣ ስለተነሳ አወዛገበ፣ ስላወዛገበ ሂጂ። የውሏን ገንዘብ ሰጥተው አሰናበቷትና በሳምንቱ ሌላ እናት አቆሙ። ልጆቹ አልጠየቁም መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች «ለምን አባረራችኋት?» ብለው ደወሉ። አልተቆጠረላቸውም። ምን ያድርጉ፣ ቀድሞ መደወል ነበር! ኩባንያው ጉዳዩን የሕዝብ አስተያየት በሚያጠናው በጋሉፕ ሲያስጠና ደግሞ፣ የጂንን ነገር የሰማው ከ100 ሰው 40 እንኳ አልሞላም። ከሰሙትም ውስጥ ጉዳዩን ከጄሎ ጋር የሚያያይዘው 3 በመቶ አይደርስም። ሽያጩ ምንም ሊሆን አልነበረም ማለት ነው። ያም ሆኖ መልሰው አልጠሯትም። አንዴ የተጠነቀቀ ሰው ጥንቃቄውን አያጥፍም።

ጂን ለዓመታት ሥራ አጣች። ከመጠጥ ጋር ታገለች። ትዳሯም ፈረሰ። በ1960 ወደ ብሮድዌይ መድረክ ብቅ አለች፤ ኋላም ሚዙሪ ውስጥ ስቲቨንስ ኮሌጅ ትወና አስተማረች። ጥያቄ የሚያበዛ ተማሪ ሲገጥማት ምን ትለው እንደነበር ማወቅ እፈልግ ነበር። ደዋዮቹስ? ከእነሱ እንጀራው የተነካበት ሲባል አልሰማሁም፤ አብዛኞቹም በስም አይታወቁም። ለዚህ ነው የዚህ ሙያ ወራሾች ዛሬም የማያልቁት። እንዲያውም አሁን ድካሙ ቀሏል። ቁጥር ማዞር የለ፤ ስክሪንሾቱን «ሼር» ማድረግ ብቻ ነው። «ጉዷን ተመልከቱ» ብሎ ሁለት ቃል የጨመረበትማ እንደ መርማሪ ይቆጠራል።

በ1966 ጂን የደረሰባትን እንድትናገር ኤቢሲ ቴሌቪዥን ጋበዛት። 16 ዓመት ስላለፈ ዘመኑ ተለውጧል፤ እንደ ልቧ መናገር ትችላለች። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ፤ ያባረራትን ኩባንያም ሆነ ጣቢያውን በስም እንድትጠራ አልተፈቀደላትም። የትልቅ ድርጅት ስም ነዋ! ማስረጃ ሳይኖር እንዲሁ በየአደባባዩ አይነሳም።