ቦይ ደፍነን አስፋልት አንጠይቅ

የደሴና የኮምቦልቻ ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው አንዳንዶቻችሁን ሊያስከፋ ይችላል። ቢሆንም ዝም ማለት ከበደኝ።

ስብሰባ በተጠራ ቁጥር እጃችንን የምናወጣው አዲስ አስፋልት ለመጠየቅ ነው። ያለው ይጠገን ብሎ የሚነሳ ጥቂት ነው። ቦይ ይጠረግ የሚል ደግሞ አይቼ አላውቅም። ባለሥልጣኑም ይህን አመላችንን ያውቃል። ለተጠረገ ቦይ ሪባን አይቆረጥም፣ እኛም አናጨበጭብም።

ጊዜው ግን ጠቧል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100ን አለፈ። ሬንጁ፣ ናፍጣው፣ የግሬደሩ መለዋወጫ የሚገባው በዶላር ነው። አካፋና ዶማ የሚይዘው እጅ ግን እዚሁ አለ። ድንጋይ ጠራቢውም ቦይ ጠራጊውም የእኛው ልጅ ነው። ደመወዙ በብር ነው፤ ያንኑ ብር ሙጋድ ገበያ ወርዶ ጤፍና ዘይት ይገዛበታል። በችግር ጊዜ ቀድሞ መሠራት ያለበት እንዲህ ያለው ሥራ ነው።

ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ቁልቁለት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ ውሃው መውረጃ ይፈልጋል። ቦይ ካገኘ በቦዩ ይወርዳል፣ ካጣ አስፋልቱ ላይ ይጋልባል። በስንጥቁ ይገባና ከሥር ያለውን አፈር ያላላዋል። ከዚያ አንድ የጫነ ሲኖትራክ ሲያልፍበት መንገዱ ይሰምጣል። በግንቦት በአንድ ባሬላ ጠጠርና በትንሽ ሬንጅ የምትደፈን ስንጥቅ በመስከረም ባጃጅ የምትውጥ ጉድጓድ ሆና ትገኛለች። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን መንገድ ላይ አንሠራበትም።

ቦዩን የሚደፍነውስ ማነው? እኛው ነን። የእኛ ሰፈር ለኮብልስቶን በየቤቱ አዋጥቷል፣ እኔም ከፍያለሁ። ከዚያ ግን የጫት ገረባውን፣ ፌስታሉን፣ ከግንባታ የተረፈውን አሸዋ ቦዩ ውስጥ ጨመርን። አንዱ ጎረቤታችን በሩን ሊያሰፋ ቦዩ ላይ ኮንክሪት ሲያፈስ እያየሁ፣ እንዳይቀየመኝ ብዬ ዝም አልኩ። ክረምቱ ሲመጣ ውሃው ድንጋዩን እየፈነቀለ ወሰደው። ያዋጣነው ገንዘብ አብሮ ሄደ። በዚህ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ትልቁንም ነገር አይተናል። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሃራ ገበያ ባቡር 390 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ 1.7 ቢሊዮን ዶላር የተመደበለት፣ አብዛኛው በብድር። በ2007 ሥራው ሲጀመር ያልፈነጠዘ አልነበረም። በ2014 ጦርነት ንብረቱ ተዘረፈ፣ ተጎዳ። ባቡር አያስፈልገንም አላልኩም፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይዛ፣ ደረቅ ወደብ ይዛ ያስፈልጋታል። ግን የቆመን ነገር የማይጠብቅ ሕዝብ አዲስ ቢሠራለት ምን ያደርግለታል?

ስለዚህ ጥያቄያችንን እንቀይር። ነዳጅ በተቀዳ ቁጥር ለመንገድ ጥገና የሚቆረጥ ገንዘብ አለ፤ የመንገድ ፈንድ በ1989 የተቋቋመው ለዚህ ነው። ከዚያ ለከተማችን ስንት ደረሰ? በየትኛው መንገድ ላይ ዋለ? በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን ጠይቁ፣ መልስ ሳታገኙም አትቀመጡ። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው የሐረጎ ዳገት ላይ አንድ ከባድ መኪና ሲቆም ሰልፉ የት እንደሚደርስ ታውቃላችሁ። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ወደ ደሴ ሆስፒታል የምትወሰድ ምጥ የያዛት እናት ልትኖር ትችላለች። በጀት ካለ ከዚያ ይጀመር።

የእኛን ድርሻ ግን በጀት አይሠራልንም። ኮንክሪቱን ያፈሰሰውን ጎረቤቴን ሄጄ አነጋግሬዋለሁ፤ ሊያነሳው ቃል ገብቷል። ቅዳሜ ጠዋት አካፋ ይዤ ከበሬ ፊት ካለው እጀምራለሁ። ከእኔ በታች ያላችሁ፣ የእናንተንም ክፈቱት፤ ካልተከፈተ ከእኔ የሚወርደው ውሃ እናንተ ቤት ነው የሚገባው። እኛ የጣልነው ፌስታል ደግሞ በቦርከና ወንዝ ወርዶ ኮምቦልቻ ይደርሳል።