ሸክላ ወደ ኋላ ለሚያዞሩ ሊቃውንት የቀረበ ውዳሴ

ዘፈን የሚሰማው ደስ ስለሚል ነው ብሎ የሚያምን ሰው ዛሬም አልጠፋም። ምስኪን! ዜማውን እያፏጨ፣ እግሩን እየወዘወዘ፣ አንዲት ነገር ሳይጠረጥር ኖሮ ይሞታል። እኔ ብዕሬን ያነሳሁት ከእንዲህ ያለው ተራ ሰው በላይ የተቀመጡትን ላወድስ ነው። የስልሳዎቹን የእንግሊዝ ሮክ እንደ ዳዊት የሚደግሙትን፤ ጥቂት ጎረምሶች ስቱዲዮ ውስጥ ሻይ እየጠጡ ለራሳቸው የተቀላለዷትን ቀልድ ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ አንድምታ የሚያወጡላትን። (ስልሳዎቹ ስል የፈረንጆቹን ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ዓመትም ሁሉ የእነሱ ነው።)

ከሊቃውንቱ አንዱ ወዳጄ ነው። እኛ የኔታ እንለዋለን፤ እሱም ቀልድ አልመሰለውም፣ አቤት ይላል። የኔታ ቢትልስ የተባለውን የሊቨርፑል ባንድ የሚሰማው በአንድ ጆሮው ብቻ ነው። በዚያ ዘመን የስቴሪዮ ቅጂ ላይ ድምፃቸው ወደ አንድ ወገን፣ መሣሪያው ወደ ሌላው የተመደበባቸው ዘፈኖች አሉ፤ ስለዚህ ዘንድሮ የያዘው የቀኙን ነው፣ የግራውን ዕድሜ ከሰጠው ይደርስበታል። አንድ ቀን ደፍሬ «የኔታ፣ ለመሆኑ ዘፈኑን ትወደዋለህ?» ብለው ግራ ገብቶት አየኝ።

«የትኛውን? ወደ ፊት የሚሄደውን?»

የትምህርቱ መነሻ፣ እንደ ብዙ ትምህርት ሁሉ፣ አንድ አስተማሪ ነው። በ1967 የቢትልሱ ጆን ሌነን ሊቨርፑል ከተማረበት ከኳሪ ባንክ ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ ደብዳቤ ጻፈለት። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን የእናንተን ግጥም እያስተነተነን ነው የሚል። ይህ ትምህርት ቤት ሌነንን በረባሽነት እንጂ በባለቅኔነት አያውቀውም። ሰውዬው ሳቁ አልቆም አለው። ከዚያ የልጅነት ጓደኛውን ፒት ሾተንን ጠርቶ፣ ልጆች ሆነው ግቢ ውስጥ እየተቀባበሉ ይሏት የነበረችውን፣ ስለ ሞተ ውሻና ስለ ቢጫ ነገር የምታወራ አስቀያሚ ግጥም አስታወሰውና «አይ አም ዘ ዋልረስ» ውስጥ ከተታት። በላይዋ ላይ ትርጉም የሌለው ነገር ሁሉ ከመረባት። ሲጨርስ ለሾተን ያለው፣ ስድቡን ቀንሼ ልንገራችሁ፣ «እስቲ ይህችን ይፍቱ» ነው።

ፈቷት እንጂ! ምን ያቅታቸዋል?

ግጥሟ ውስጥ አንድ «እንቁላሉ ሰው» አለ። አንድም፣ በልጆች ተረት ከአጥር ላይ ወድቆ የተሰበረው፣ የእንግሊዙ የልጆች መጽሐፍ ደራሲ ሉዊስ ካሮልም መጽሐፉ ውስጥ ያስገባው ሀምፕቲ ደምፕቲ ነው ይላሉ። አንድም፣ የአኒማልስ ባንድ ዘፋኝ የነበረው ኤሪክ በርደን ነው ይላሉ፤ በርደን ራሱም እኔ ነኝ ብሏል፣ ቅጽል ስሙ የመጣባትን የጓዳ ጨዋታም አልደበቀም፣ እኔ ግን ቤተሰብ የሚያነበው ዓምድ ላይ አልጽፋትም። ቀጥሎ «ፒልቻርድ» የምትል ቃል አለች። አንድም፣ በዘመኑ ዘፋኞችን በዕፅ እያሳደደ በመያዝ ስሙ የገነነው የለንደኑ መርማሪ ፖሊስ ኖርማን ፒልቸር ነው። (ይህ ፖሊስ በኋላ በሐሰት ምስክርነት ነገር እሱ ራሱ በ1973 ወህኒ ወርዷል፤ እዚህች ላይ ምንም ምስጢር ስለሌለ ሊቃውንቱ ቶሎ ያልፏታል።) አንድም፣ ፒልቻርድ ማለት ዓሣ ነው የሚሉ አሉ፣ መዝገበ ቃላት ገልጠው ማለት ነው። እንዲህ ያሉትን ጉባኤው አያስጠጋም።

ዋልረስ ራሱስ? ከሉዊስ ካሮል ግጥም የተወሰደ፣ ሁለት ረጃጅም ጥርስ ያለው የባሕር አውሬ ነው። በግጥሙ ላይ ዋልረሱና አናጢው የዋሃኑን ኦይስተሮች፣ ዛጎል ውስጥ የሚኖሩትን የባሕር ፍጡራን፣ በሽርሽር አታልለው ወስደው ይበሏቸዋል። ሌነን ይህን ሳያስተውል ነው ስሙን የወሰደው። በ1980 በሰጠው ቃለ ምልልስ፣ ዋልረሱ ክፉው መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው፣ «እኔ አናጢው ነኝ» ማለት ነበረብኝ ብሎ ስቋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ደራሲው የጻፈው ነገር ገና አልገባውም፣ ተርጓሚዎቹ ግን ጨርሰዋል።

ሰውዬው ተስፋ አልቆረጠም። በ1968 «ግላስ አኒየን» የሚል ዘፈን አወጣ፣ የመስታወት ሽንኩርት እንደ ማለት። የዘፈኑ ዓላማ አንድ ብቻ ነው፤ እነዚህን ሊቃውንት መሸርደድ። የቀድሞ ዘፈኖቹን ስም እየጠራ፣ እነሆ ሌላ ፍንጭ ላክልባችሁ እያለ፣ ዋልረሱ ፖል፣ ማለት የባንድ ጓደኛው ፖል ማካርትኒ፣ ነበር ብሎ ጣለላቸው። ለምን ቢሉት፣ ሰውን ትንሽ ግራ ለማጋባት ነው ብሏል። ሽሙጥ እጽፋለሁ ለሚል ሁሉ ይህ ትልቅ ትምህርት ነበር፣ ለእኔም ጭምር፤ ሊቃውንቱ ሽሙጡን በክብር ተቀብለው፣ አጣጥፈው፣ ማስረጃ ቁጥር አንድ ብለው መዝገብ ላይ አሰፈሩት። ዋልረስ በግሪክኛ «ሬሳ» ማለት ነው የሚል ወሬም ተጨመረበት። ግሪኮች ይህን አልሰሙም። ግን ግሪኮችን ማን ጠየቃቸው?

ከዚያማ ሬሳው ተገኘ።

በ1969 መስከረም ላይ አዮዋ ውስጥ የድሬክ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ጋዜጣ፣ ፖል ማካርትኒ ሞቷል ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥቅምት 12 ቀን አንድ ሰው ዲትሮይት ለሚገኝ የሬዲዮ አቅራቢ ስልክ ደውሎ፣ ቢትልስ ቅጂ ላይ ያለችውን፣ ያችን «ቁጥር ዘጠኝ» የምትል ድምፅ ወደ ኋላ አጫውታት አለው። አጫወታት። ወደ ፊት ቁጥር የነበረችው ወደ ኋላ ሟች ሆነች። ከሁለት ቀን በኋላ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ፍሬድ ላቦር፣ «አቢ ሮድ» የተባለውን አዲስ አልበም እንዲገመግም የተሰጠውን የጋዜጣ ቦታ ለመርዶ አዋለው። ፖል በኅዳር 1966 በመኪና አደጋ ሞቷል፣ ያለው ምትክ ነው፣ ስሙም ዊልያም ካምቤል ይባላል ብሎ። ስሙን ከየት አመጣው? ከራሱ። ከፍንጮቹም ብዙዎቹን እዚያው ቁጭ ብሎ ነው የፈጠራቸው። ነገሩ ገንፍሎ ቴሌቪዥን ላይ የማስመሰያ ችሎት ሲዘጋጅ፣ ታዋቂው ጠበቃ ኤፍ ሊ ቤይሊ መርማሪ ሆኖ ተሰየመ። ላቦር እንደሚተርከው፣ አስቀድሞ ለጠበቃው «ኧረ እኔ ነኝ የፈጠርኩት» ብሎ ተናዘዘለት። ጠበቃውም፣ የአንድ ሰዓት ፕሮግራም መሙላት አለብን፣ አብረኸን ትሄዳለህ እንጂ ምን ታደርጋለህ የሚል መልስ ሰጠው። ላቦር በኋላ የካውቦይ ዘፈን የሚጫወት ባንድ ውስጥ ገብቶ ቆሞ የሚመታውን ትልቁን ቤዝ እየገዘገዘ ኖሯል። እሱ ከጉዳዩ ወጣ ማለት ነው። ጉዳዩ ግን ከእሱ ወዲያ መቼ ቆመ!

ወደ አልበሙ ሽፋን እንምጣ፤ ቀብሩ የተፈጸመው እዚያ ላይ ነው። ነሐሴ 8 ቀን 1969 አንድ ፎቶ አንሺ አቢ ሮድ በተባለው የለንደን መንገድ መሐል መሰላል ተክሎ፣ ፖሊስ መኪና ሲያቆምለት፣ በአሥር ደቂቃ ገደማ ስድስት ፎቶ አነሳ። አራቱ በዜብራው ተሻገሩ። ሙቀት ስለነበር ፖል ነጠላ ጫማውን አውልቋል። በቃ! ባዶ እግሩን ከሆነ ሬሳ ነው። ነጭ የለበሰው ሌነን ቄስ፣ ጥቁር የለበሰው ሪንጎ ስታር ቀብር አስፈጻሚ፣ ጂንስ የለበሰው ጆርጅ ሃሪሰን ጉድጓድ ቆፋሪ ሆኖ ተመደበ። ለለቀስተኛ ደግሞ ዓለም ሁሉ። ዳር ላይ የቆመች አንዲት ነጭ ቮልስ አለች፣ ታርጋዋ ኤል ኤም ደብሊው 281 ኤፍ። መጨረሻዋን ለይታችሁ 1ን እንደ እንግሊዝኛ ፊደል «አይ» አንብቧት፦ «28 ኢፍ»፣ «28 ቢሆን» ትላለች። በሕይወት ቢሆን ኖሮ 28 ዓመት ይሞላው ነበር ማለት ነው። ፖል የተወለደው በሰኔ 1942 ስለሆነ 27 ብቻ ነው የሚሆነው ብሎ ሊከራከር የሞከረ አንድ ሒሳብ የተማረ ሰው ሳይኖር አይቀርም። መልስ አላቸው፤ በምሥራቅ ሰዎች ዘንድ ዕድሜ የሚቆጠረው ከፅንስ ነው። ኤፍ የምትለው ፊደል መኪናዋ የተመዘገበችበትን ዓመት ብቻ የምታመለክት መሆኗን ለመናገር ድፍረቱ አልነበረኝም። ባለ ቮልሱ ግን አሳዝኖኛል፤ መኪናውን ቤቱ ደጅ ቢያቆም ታርጋው ተደጋግሞ ተሰረቀ።

«ስትሮውቤሪ ፊልድስ» የተባለው ዘፈናቸው ማለቂያ ላይ ሌነን «የክራንቤሪ ስጎ» ሲል ይሰማል። ሊቃውንቱ የሰሙት «ፖልን ቀበርኩት» የሚል ነው። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም።

የላይፍ መጽሔት ጋዜጠኞች ስኮትላንድ ድረስ ሄደው ሟቹን እርሻው ላይ አገኙት። መጀመሪያ ውሃ በባልዲ ደፋባቸው፣ ቀጥሎ ይቅርታ ጠይቆ ከነቤተሰቡ ፎቶ ተነሳላቸው፣ አለሁ አላቸው። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይህ ነው፤ ሰውን ስለ ገዛ ሞቱ! መጽሔቱ በኅዳር 7 «ፖል ዛሬም ከእኛ ጋር ነው» ብሎ ወጣ። ሊቃውንቱ ሽፋኑን ገልጠው ወደ ብርሃን ያዙት። ጀርባው ላይ የመኪና ማስታወቂያ ነበረና መኪናዋ ፖል ላይ ወጥታ ታየች።

እዚህ ላይ የጉባኤውን ሥርዓት ላደንቅ እወዳለሁ። ባለቤቱ ካስተባበለ ተረጋገጠ። ዝም ካለም አመነ። ሬይ ዴቪስ የሚባለው የኪንክስ ባንድ ባለ ግጥም በ1967 «ዋተርሉ ሰንሴት» ውስጥ ቴሪና ጁሊ የሚባሉ ሁለት ፍቅረኞችን አስገባ። ወዲያው ተዋንያኑ ቴሬንስ ስታምፕና ጁሊ ክሪስቲ ናቸው ተባለ፣ በዚያው ዓመት በአንድ ፊልም ላይ አብረው ሠርተዋልና። ዴቪስ፣ ኧረ እኔ ያሰብኩት እህቴ ከወዳጇ ጋር ወደ ሌላ አገር ስትሰደድ ነው አለ። ምን ያውቃል እሱ? ዘፈኑን መጻፍ እንጂ!

እውነተኞቹ የውስጥ ቀልዶችማ አሉ፣ ጥፋታቸው ትንንሽና ባለጌ መሆናቸው ነው። «ፔኒ ሌን» ውስጥ ዓሣና ፓይ የሚመስል አንድ ሐረግ አለ፤ የሊቨርፑል ጎረምሶች ብቻ ሰምተው እንዲንከተከቱ የተቀመጠ የብልግና ቀልድ ነው። በ1965 «ገርል» ላይ ደግሞ አጃቢዎቹ የሚደጋግሟት ቃል የሴት ጡት የምትጠራበት የመንደር ስም ናት። ፖል እንደሚያወራው፣ ፕሮዲውሰራቸው ጆርጅ ማርቲን ጠርጥሮ «ምን ነበር ያላችሁት?» ቢላቸው ሌላ ምንም የማይል ድምፅ ነው ብለው ዓይናቸውን በጨው አጥበው ካዱ። ዘ ሁ የተባለው ባንድ «ሀፒ ጃክ» ማለቂያ ላይ ፒት ታውንሼንድ «አየሁህ!» ብሎ ይጮኻል። ድምፅ እንዳያበላሽ የተባረረው ከበሮ መቺው ኪት ሙን ሹልክ ብሎ ሲገባ አይቶት ነው። አለቀ። ከዚህ ውስጥ ማን ሥራዬ ብሎ ሞት ያወጣል?

የቢትልስ አልበም የ«ሳርጀንት ፔፐር» የመጀመሪያው የእንግሊዝ ቅጂ ማብቂያ ላይ፣ በሌነን ሐሳብ፣ ለሰው ጆሮ የምታስቸግር ውሻ ግን የሚሰማት ቀጭን ፉጨት ተቀድታለች። በስድሳዎቹ ሮክ ላይ ቀልዱ ገብቶት ዝም ያለ ፍጡር ቢኖር ውሻ ነው።

አንድ ካሊፎርኒያ የነበረ ሰው ደግሞ ከሊቃውንቱ ሁሉ በርትቶ አዳምጧል። በእንግሊዝ የልጆች መጫወቻ ሜዳ ላይ ጠምዘዝ እያለ የሚያንሸራትት ማማ «ሄልተር ስኬልተር» ይባላል፤ ቻርልስ ማንሰን ግን በዚያ ስም ከተጠራው የቢትልስ ዘፈን ውስጥ የዘር ጦርነት ሰማ። ተከታዮቹ በነሐሴ 1969 በሁለት ሌሊት ሰባት ሰው ገደሉ። እሱን የማወድስበት ቃል የለኝም፣ አልፌዋለሁ።

ዜብራው ግን ዛሬም አለ። እንግሊዞች በ2010 ጥበቃ የሚደረግለት ቅርስ ብለው መዘገቡት፤ ጎብኚም ጫማውን እያወለቀ ይሻገርበታል፣ ሾፌርም ይራገማል። ማካርትኒ ራሱ በ1993 ውሻ አስከትሎ እዚያው ላይ ፎቶ ተነሳና የአልበም ሽፋን አደረገው። ርእሱ ፖል በሕይወት አለ እንደ ማለት ነው። የቮልሷም ታርጋ ተቀይሮ «51 ነው» ይላል፤ ያን ጊዜ ዕድሜው 51 ነበር። ከዚህ በላይ ሰው ስለ መኖሩ ምን ማስረጃ ያቅርብ፣ የቀበሌ መታወቂያ?

ሽፋኑን ይዤ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። ዛሬስ ረታሁት ብዬ። መነጽሩን አደረገ፣ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ፣ ብዙ ቆየ።

«ጫማ አድርጓል» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አድርጓል።»

«ያኛው ባዶ እግሩን ነበር።»

«ነበር።»

ሽፋኑን መለሰልኝ። «እንግዲህ አንድ ሰው አይደሉማ።»