አይጧስ ተሻላት፣ እኔስ?

አፍንጫዬ ከተዘጋ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ጠዋት ገና ከአልጋ ሳልወርድ አሥር ጊዜ አስነጥሳለሁ። እንዲህ የሆነ ሰው ደግሞ መካሪ አያጣም። ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ጽሑፍ ላከልኝ፤ "ከዕፅዋት የተገኘ፣ በሳይንስ የተረጋገጠ የአፍንጫ አለርጂ መፍትሔ" ይላል። እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ለካ የተረጋገጠው አይጥ ላይ ነው።

አይጧን ለመናቅ አይደለም። ሥራው እንዲህ ነው፦ የእንቁላል ነጭ ፕሮቲን ደጋግመው ይወጓታል። ሰውነቷ ፕሮቲኑን ጠላት ብሎ ይይዘዋል። ከዚያ ያንኑ አፍንጫዋ ውስጥ ጠብ ያደርጉባታል። አንድ ተመራማሪ ሰዓት ይዞ ይቀመጥና ስንቴ እንዳስነጠሰች፣ በእግሯ ስንቴ አፍንጫዋን እንዳሸች ይቆጥራል። ከዕፅዋት የተገኘውን ውህድ የወሰደችው አይጥ ማስነጠሷ ከቀነሰ ጥሩ ፍንጭ ተገኘ ማለት ነው። ፍንጭ ግን መድኃኒት አይደለም።

ኩዌርሴቲን የተባለውን የዕፅዋት ውህድ ለምሳሌ እንውሰድ። ሽንኩርትና ፖም ውስጥ አለ። ላብራቶሪ ውስጥ በቀጥታ ሲጨመርባቸው ማስት ሴል የሚባሉት ሕዋሳት ሂስታሚን እንዳይረጩ ያግዳል። የሚያስነጥሰንና የሚያሳክከን ዋናው ነገር ደግሞ ሂስታሚን ነው። ታዲያ ምን ጎደለ? ስንውጠው ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው፤ የገባውንም አንጀትና ጉበት ቶሎ ይለዋውጡታል። ላብራቶሪ ሳህን ላይ የሠራው አፍንጫ ድረስ መድረሱ ሌላ ጥያቄ ነው።

ሰው ላይ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። በሽተኛው በየቀኑ ለአራት ነገሮች ነጥብ ይሰጣል፦ ለማስነጠስ፣ ለማሳከክ፣ ለንፍጥና ለመታፈን። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ እስከ 12። ግን ዝናብ ዘንቦ የአበባ ብናኙን ካጠበው ሁሉም ይሻለዋል፤ ክኒኑ ምንም ባይሠራም። መድኃኒት ወሰድኩ ብሎ ማሰቡ ብቻም ነጥብ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ጎን ለጎን መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን የሚወስድ ቡድን የግድ የሚያስፈልገው። ከቅጠል የተሠራ ነገር ላይ ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለ፦ ይሸታል፣ ይመራል። በሽተኛው የትኛው እንደደረሰው በምላሱ ካወቀ ሙከራው ተበላሸ።

ከሁሉም የሚያስተምረኝ ባተርበር የሚባለው ተክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ለ125 ሰዎች፣ ለሁለት ሳምንት፣ ሴቲሪዚን ከተባለው የታወቀ የአለርጂ ክኒን ጋር ተወዳደረ። ውጤታቸው ተቀራራቢ ነበር። ደስ ይላል፤ ግን ባዶ ክኒን የወሰደ ቡድን አልነበረም። በኋላ እሱንም ያካተተ ጥናት ተሠርቶ ተክሉ ከባዶው ክኒን በለጠ። ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ እኔም ዛሬ እሱን እየዋጥኩ ነበር። ችግሩ፣ ተክሉ በተፈጥሮው ጉበት የሚጎዱ፣ አልካሎይድ የሚባሉ ኬሚካሎች አሉት። በሙከራው የቀረበው እነሱ ተለይተው የወጡለት ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው ሁሉ ግን እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የብሪታኒያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ሰዎች እንዳይወስዱት አስጠነቀቀ። አንድ ጥናት የሚመሰክረው ለተጠናው ዝግጅት እንጂ ያንኑ ስም ለለጠፈ ጠርሙስ ሁሉ አይደለም።

"ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም" የሚሉኝን ሰዎች ስሰማ ሳቄ ይመጣል። እኔን እንዲህ ያደረገኝ የአበባ ብናኝ ምን ሊሆን ነው? ፋብሪካ አልሠራው።

ከዕፅዋት ምንም አይገኝም ማለቴ ግን አይደለም። ኬላ የሚባል፣ ግብፅ ውስጥ ለባህል ሕክምና የቆየ ተክል አለ። ኬሊን የተባለ ውህድ ይገኝበታል። ሮጀር አልቱንያን የተባለ ሐኪም፣ ራሱም አስም ያለበት፣ ከዚህ በመነሳት የተቀመሙ ብዙ መቶ ውህዶችን በገዛ ሳንባው ላይ ሞከረ። ከጊኒ ፒግ ፀጉር የተዘጋጀ ፈሳሽ እየሳበ አስሙን ሆን ብሎ ይቀሰቅሳል፣ ከዚያ ውህዱ ይከላከል እንደሆነ ትንፋሹን ይለካል። ዓመታት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሶዲየም ክሮሞግሊኬት የተባለው መድኃኒት ተገኘ። ዛሬ አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ ሆኖም ይሸጣል። ልብ በሉ፣ የሚረጨው ተክሉ አይደለም። ተክሉ መንገድ አሳየ፣ የቀረውን ልፋት ሠራው።

ስለዚህ ተመራማሪዎችን የምጠይቀው ቀላል ነው። ከዕፅዋት የተገኘውን ውህድ ከባዶ ክኒን ጋር ብቻ ሳይሆን፣ ሐኪሞች አስቀድመው ከሚያዙት የአፍንጫ ስቴሮይድ (እብጠት ከሚቀንሰው የሚረጭ መድኃኒት) ጋርም አወዳድሩት። ሁለት ሳምንት አይበቃም፤ የብናኙ ወቅት እስኪያልፍ ተከታተሉ። ጉበትም ይመርመር። ወጪው ብዙ ነው፣ አውቃለሁ። ማንም ሰው የሚያበቅለውን ቅጠል በባለቤትነት አስመዝግቦ ማትረፍ ስለሚከብድ ኩባንያዎች አይሽቀዳደሙበትም። የሕዝብ የምርምር ገንዘብ መግባት ያለበት እዚህ ላይ ነው።

ለወዳጄ መልስ ጻፍኩለት፦ "አይጧ ስለተሻላት ደስ ብሎኛል። የሰው ተራ ሲደርስ ንገረኝ።" ልኬለት ሳልጨርስ አስነጠስኩ።