ሲያዜሙልን የኖሩት የት ተቀበሩ?

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ለሕክምና እንሄዳለን። ዕቃ ለመግዛት እንሄዳለን። ሠርግና ለቅሶም አለ። አራት ኪሎ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ጎራ ብሎ የጥላሁን ገሠሠን መቃብር አይቶ የተመለሰ ሰው ግን እኛ ሰፈር ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ይሄ ነገር ያሳዝነኛል። የጥላሁን ድምፅ ያልገባበት ቤት የለማ! ሠርግ ላይ አለ፣ አውቶቡስ ውስጥ አለ፣ ብቻችንን ስንሆንም የምናንጎራጉረው እሱን ነው።

መቃብር የምንሄድበት ቀን የታወቀ ነው። የቀብሩ ዕለት፣ ከዚያ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ። ከዚህ ውጭ እንዲሁ በአዘቦት ቀን ተነስቶ "መቃብር ደርሼ ልምጣ" ያለ ሰው "ምን ነካው?" ይባላል። ሟቹ ዘመዱ ካልሆነ ደግሞ ጭራሽ አይገባንም። እኔ ይህ ልማዳችን ላላ ቢል ደስ ይለኛል። በተለይ ለዘፋኞች፣ ለተዋንያንና ለጸሐፌ ተውኔቶች። የእነሱ ሐዘን የቤተሰባቸው ብቻ አልነበረም። ሲሞቱ ሁላችንም አልቅሰናል። ታዲያ ካለቀስን በኋላ ለምን እንጠፋለን?

ጥላሁን ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው፤ በፋሲካ ዕለት። በዓሉ ሳያልቅ መርዶው አገር ምድሩን አዳረሰ። ቀብሩ የተፈጸመው በመንግሥት ሥርዓት ነበር፤ አዲስ አበባም ነቅላ ወጣች። የተቀበረበትን ግቢ ልብ በሉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን ያረፉት እዚያው ካቴድራል ውስጥ ነው። ደርግ የገደላቸው 60ዎቹ ባለሥልጣናት መታሰቢያ እዚያ ነው። አርበኞችም እዚያ አሉ። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በ1998 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ውስጥ አርፎ አስከሬኑ ወደዚሁ ግቢ ነው የመጣው።

ንጉሥና ዘፋኝ በአንድ ግቢ! ለወጣቱ ምንም ላይመስለው ይችላል። ለአያቶቻችን ግን ይህ የማይታሰብ ነገር ነበር። አዝማሪ ያለ እሱ ድግስ አይደምቅም፤ ይጠራል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሸለማል። ልጁን የሚድርለት ባላባት ግን አልነበረም። ስሙ ራሱ መሰደቢያ ነበር። ከዚያ ንቀት ተነስቶ ካቴድራል ግቢ እስከ መቀበር የተደረሰው ስንት ሰው ተዋርዶበት ነው። ይህን መጽሐፍ ላይ ማንበብ አንድ ነገር ነው። በእግር ሄዶ፣ መቃብሮቹ መሃል ቆሞ ማየት ግን ሌላ ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ የምለውም ለዚህ ነው።

የእኛም ሰው እዚያ አለ። የአንኮበሩ ተወላጅ አፈወርቅ ተክሌ ሚያዝያ 2004 ዓ.ም. አርፎ የተቀበረው ሥላሴ ነው። የአፍሪካ አዳራሽን ባለ ቀለም መስኮቶች የሠራው እሱ ነው። አበበ ቢቂላም የትውልድ ቦታው ጃቶ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ብዙም አይርቅም። እርግጥ አበበ ሯጭ እንጂ የመድረክ ሰው አይደለም። ግን በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ ያስደሰተንን ያህል ማን አስደስቶናል? መቃብሩ አዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ነው። ማሞ ወልዴም እዚያው ነው ያረፈው። ሁለቱን የኦሎምፒክ ማራቶን ጀግኖች በአንድ ጊዜ መሳለም ይቻላል።

"የዘፋኝ መቃብር ምን ይታያል?" የሚሉ አባቶች እንዳሉ አውቃለሁ። አከብራቸዋለሁ። በገላትያ መልእክት ዘፋኝነት ከሥጋ ሥራዎች ጋር ተቆጥሯል፤ ከልጅነታችን ስንሰማው ያደግነው ትምህርት ነው። ግን መቃብር ላይ ቆመን የምንለው "ነፍስ ይማር" ነው። ለሞተ ሰው መጸለይን ያስተማረችን ደግሞ ራሷ ቤተ ክርስቲያን ናት። ስፒከር ይዞ ገብቶ፣ ሐውልት ላይ ተደግፎ ቲክቶክ የሚቀርጸውን ግን እኔም አልደግፍም። እሱን ዘበኛው ቢያስወጣው ደስታዬ ነው። ነጠላ አጣፍቶ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ መግባት ማንንም አይጎዳም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የሰሜን ሸዋው ጉዳይ ነው። መንዝ ሂዱ፣ ተጉለት ሂዱ፣ መርሐ ቤቴ ሂዱ። አንዱ አካባቢ ስሙ የገነነ ማሲንቆ መቺ ነበረው። ሌላው ለቅሶ ቤቱን በአንድ ግጥም የምታንበረክክ አልቃሽ ነበረችው። የሟቹን ዘር ትቆጥራለች፣ ጀግንነቱን ታነሳለች፣ የደግነቱን ታወራለች፣ አንዳንዴም በሰም ለበስ ግጥም ቤተሰቡን ትወቅሳለች። ሰው "እገሊት ካልመጣች ለቅሶው አይወጣለትም" ይል ነበር። ዛሬ የእነዚህ ሰዎች መቃብር የት ነው ብትሉ ሽማግሌዎቹ ወደ ጥዱ ሥር በእጃቸው ያመለክታሉ። "እዚያ አካባቢ ነው።" ድንጋይ ተቆልሏል፤ ስም የለበትም። ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ሲሚንቶ አስለስኖ፣ ፎቶ አስለጥፎ ሙታኑን ያከብራል። አዝማሪው ግን ገንዘቡን ከየት አምጥቶ? ቦታው ሲጠብም በላዩ ላይ ሌላ ይቀበራል።

መቃብር ጭምር የተነፈጋቸውም አሉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ጣሊያን ያሳደደው አርበኛውን ብቻ አልነበረም። ጠንቋዮችን፣ ተረት አውሪዎችንና በየአገሩ እየዞሩ የሚያዜሙትን ሳይቀር እንዲገደሉ ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ወሬና ግጥም ከመንደር መንደር የሚያደርሱት እነሱ ነበሩ። ጣሊያን የፈራውም ይህንኑ ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተጨፈጨፉ። መነኮሳቱን በየዓመቱ እናስባቸዋለን፤ ይገባቸዋልም። በግጥማቸው ምክንያት የተገደሉትን ግን የትኛው ሐውልት ላይ እናንብባቸው? ሸዋ የአርበኝነት አገር ነው ብለን እንኮራለን። አርበኛውን ፉከራና ቀረርቶ እየደረደረ ያጀገነውም ሰው ከዚሁ ኩራት ድርሻ አለው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የመንግሥት በጀት እስኪመጣ አንጠብቅ። እድሮቻችን ድንኳን ይገዛሉ፣ ወንበር ይገዛሉ። በየቀበሌው የሚታወቅ አዝማሪ ወይም አልቃሽ ላለበት መቃብር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ማስቀረጽ አያቅታቸውም። ስም፣ የሞተበት ዓመት፣ "ማሲንቆ መቺ" ወይም "ሙሾ አውራጅ" የሚል ጽሑፍ። በቃ። ሰበካ ጉባኤው ቦታው እንዳይነካ ይስማማ። የአማርኛ መምህራን ደግሞ ተማሪዎቻቸውን ወደ አያቶቻቸው ይላኩ። የትኛው አዝማሪ የት እንደተቀበረ፣ የትኛው ግጥም የማን እንደሆነ ጠይቀው ይጻፉ። ይህን የሚያውቁት ሽማግሌዎች አርጅተዋል። ክረምቱ ሲገባ መንዝ ላይ መንገዱ ስለሚያስቸግር ሥራውን በበጋ፣ ከጥምቀት በኋላ ባሉት ሳምንታት መጀመር ይሻላል። ያን ጊዜ ሰው ከአጨዳና ከውቂያ ያርፋል፤ ለጨዋታም ጊዜ አለው።