የሰርቨሩ ቁልፍ ደሴ ይቀመጥ

በደሴና በኮምቦልቻ የሚገኙ ሆስፒታሎች፣ ኮሌጆችና ፋብሪካዎች ሰርቨሮቻቸውን በቨርቹዋላይዜሽን ክላስተር (ቨርቹዋል ማሽኖችን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተሠሩ ኮምፒውተሮችን፣ በጋራ በሚያስኬድ የሰርቨሮች ስብስብ) ለማደራጀት ሲነሡ ውይይቱ ቶሎ ብሎ ወደ ብራንድና ወደ ዋጋ ይሄዳል። ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ግን ክላስተሩን ማን ያስተዳድረው የሚለው ነው። አቅራቢው ድርጅት በውል ተረክቦ ከሩቅ ሆኖ ሶፍትዌሩንና ፈርምዌሩን (በዕቃው ውስጥ የተጫነውን መሠረታዊ ሶፍትዌር) እያደሰ ይከታተለው ወይስ የተቋሙ የአይሲቲ ክፍል ራሱ ይያዘው? ለከተሞቻችን መካከለኛ ተቋማት ሁለተኛው መንገድ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ለአቅራቢው ሊከፈል የታሰበው ገንዘብም በቦታው ላይ ለሚሠሩት ባለሙያዎች ቢውል የበለጠ ይጠቅማል።

የአቅራቢው ወገን ክርክር ቀላል አይደለም። ሌሊት የሚከታተል ቡድን አለው፣ መለዋወጫ ያቀርባል፣ ችግር ሲፈጠርም ተጠያቂው አንድ አካል ነው። አዲስ አበባ ላይ የመረጃ ማዕከል ላለው ትልቅ ባንክ ይህን ብመክር አላፍርም። ደሴ ግን ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከሩቅ የሚደረገው ክትትልም ፋይበሩ እስካልተቋረጠ ድረስ ብቻ የሚሠራ ነው። በጣም የሚያስፈልገን ደግሞ መብራትና መስመር አብረው በሚጠፉበት ሰዓት ነው።

አንድ ምሳሌ በዝርዝር ላሳይ። በጀት ሲያጥር ሁለት ሰርቨር ብቻ ተገዝቶ ክላስተር ይሠራል እንበል። መብራት ጠፋ፣ ዩፒኤሱ (የመጠባበቂያ ባትሪው) ደከመ፣ ጀነሬተሩ ዘገየ፤ ኃይል ሲመለስ ከሁለቱ ሰርቨሮች አንዱ ብቻ ተነሣ። በክላስተሩ እያንዳንዱ ሰርቨር አንድ ድምፅ አለው፤ ሥራ የሚጀመረውም ከግማሽ በላይ ድምፅ ሲገኝ ነው። የተነሣው ሰርቨር ካሉት ሁለት ድምፆች የያዘው አንዱን ብቻ ስለሆነ፣ አብላጫ ድምፅ የለኝም ብሎ ቨርቹዋል ማሽኖቹን አላስነሣም ይላል። ትክክልም ነው፤ ሁለቱም ሰርቨሮች እየሠሩ ግንኙነታቸው ብቻ ተቋርጦ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለቱም በአንድ መረጃ ላይ ሲጽፉ ያበላሹት ነበር። እዚያው ያለ ባለሙያ ግን ሁለተኛው ሰርቨር በእርግጥ መጥፋቱን በዓይኑ አይቶ፣ አንድ መስመር ትእዛዝ ጽፎ የሚጠበቀውን ድምፅ ቁጥር ዝቅ ያደርግና የካርድ ክፍሉን ሥራ በደቂቃዎች ውስጥ ያስጀምራል። በአቅራቢው በሚተዳደር ክላስተር ላይ ይህ ባለሙያ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ከሌለው፣ መስመሩ እስኪመለስ ድረስ ሕመምተኛው «ሲስተም የለም» እየተባለ ይቆማል። ዘላቂው መፍትሔ ሦስተኛ ድምፅ የሚሰጥ አነስተኛ ኮምፒውተር ማከል ሲሆን፣ ዋጋውም ከአንድ ሰርቨር ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ የገንዘብ ነው። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ብሮድኮም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የቨርቹዋላይዜሽን ሶፍትዌር ሠሪውን ቪኤምዌርን ገዛው፤ በቀጣዩ ወር ደግሞ አንዴ ተከፍሎበት ለዘለቄታው የሚያገለግለው ላይሰንስ መሸጡ ቀረና ሁሉም በየጊዜው በሚታደስ ክፍያ ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በጀቱን በብር ለሚያጸድቅ ተቋም በዶላር የሚታደስ ውል ምን ማለት እንደሆነ ፋይናንስ ክፍሉ ያውቀዋል። ፕሮክስሞክስን የመሰለ ክፍት የቨርቹዋላይዜሽን ሶፍትዌር ግን ያለ ላይሰንስ ክፍያ ይሠራል፤ መሠረቱም ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አካል የሆነው፣ ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስኬደው ኬቪኤም ነው። ድጋፍ የሚፈልግ ተቋም ከፍሎ ማግኘት ይችላል፤ ባይከፍልም ሰርቨሩ አይዘጋበትም።

በራስ ማስተዳደር የራሱ ሸክም አለው፤ ከሁሉም የሚከብደው ሰው ማቆየት ነው። ክላስተሩን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነና እሱ አዲስ አበባ የተሻለ ደመወዝ ካገኘ፣ ተቋሙ ከአቅራቢ ጥገኝነት ወጥቶ የባሰ ጥገኝነት ውስጥ ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ለውጥ በጽሑፍ መመዝገብ፣ ባክአፕም (የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ) መወሰዱ ብቻ ሳይሆን ተመልሶ መነሣቱ በየጊዜው መሞከር አለበት። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚሁ አጠገባችን ወጣቶችን እያስመረቀ ባለሙያ የለም ማለት አይቻልም። የጎደለው የመንግሥት ተቋማት የደመወዝ ስኬል የማይሸፍነው ማበረታቻ ነው፤ ለዕቃ ግዥ ሚሊዮኖችን የሚያጸድቅ ቦርድ ለሥልጠናና ለተረኛ አበል ሲሆን እጁ ማጠሩ ያሳዝነኛል።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ሁለቱ ከተሞች በጦርነቱ ሲያዙ መብራትና ስልክ ተቋርጦ ነበር፤ ብዙ ተቋማትም ተዘርፈዋል። ያን ጊዜ ሰርቨር ክፍሉን ማንም ያስተዳድረው ማን፣ መረጃን ሊያድን የሚችለው ተመስጥሮ ከከተማው ውጭ የተቀመጠ ባክአፕ ብቻ ነው። ይህ በየትኛውም አማራጭ የማይታለፍ ግዴታ ነው።

ሁለት ባለሙያ ቀጥሮ ማቆየት በእርግጥ ያልቻለ ተቋም በአቅራቢ ማስተዳደሩን ይምረጥ፤ ውሉን ግን አንብቦ ይፈርም። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ በተቋሙ ካዝና ይቀመጥ። ቢያንስ አንድ መለዋወጫ ሃርድ ዲስክና አንድ ፓወር ሰፕላይ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ ይኑር። ዋጋው ለውሉ ዘመን በብር ይጽና፤ ውሉ ሲያበቃም ቨርቹዋል ማሽኖቹ ሌላ ሲስተም ላይ በሚነሡበት ፎርማት ለተቋሙ እንደሚሰጡ በግልጽ ይጻፍ። ይህን ለመፈረም የሚያንገራግር አቅራቢ በጨረታው ዝቅተኛውን ዋጋ ቢያቀርብም ሊመረጥ አይገባም።