ማኅደሩን መፈለግ ያለበት ማነው?

በሰሜን ሸዋ ወታደር ያልወጣበት ቤት ማግኘት ከባድ ነው። ከመንዝም ጀምሩ ከቡልጋ፣ ከይፋትም ከመርሐቤቴ፣ በየሰፈሩ አንድ የሚያነክስ ሰው አለ። የደብረ ብርሃን ብርድ ሲበረታ ሰውነቱ ውስጥ የቀረው ፍንጣሪ የሚጠዘጥዘው አባት አለ። እነዚህ ሰዎች «ጦር ሜዳ ቆስዬ ነው» ሲሉ ጎረቤት አይጠራጠርም። ቢሮ ግን ይጠራጠራል። መጠራጠሩም ሥራው ነው። ጡረታ፣ ሕክምና ወይም የመሥሪያ ቦታ የሚሰጥ አካል የሰማውን ሁሉ ማመን አይችልም።

ስለዚህ ጉዳዩ ይጣራ መባሉን አልቃወምም። የምቃወመው የለመድነውን አጣራር ነው። ብዙ ጊዜ ማጣራት ማለት «ወረቀት አምጣ» ማለት ሆኗል። ቁስለኛው ራሱ ማኅደር ፈላጊ፣ ራሱ ደብዳቤ አመላላሽ፣ ራሱ ምስክር ሰብሳቢ ይሆናል። ከመሐል ሜዳ ተነስቶ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ከዚያ ደግሞ ሌላ 130 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ። መንገድ ሲዘጋ ጭራሽ አይሞከርም። ይህን ሁሉ የሚሄደው ደግሞ እግሩ የተጎዳ ሰው ነው። መጨረሻ ላይ «ማኅደርዎ አልተገኘም» ይባላል። ማኅደሩን ያላስቀመጠው ሌላ፣ የሚቀጣው እሱ።

«አጣራሩ ካልጠበቀ ውሸታም ይበዛል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ያልቆሰለ ሰው የቁስለኛን ድርሻ ሲወስድ የሚጎዳው በትክክል የቆሰለው ነው። ግን እስኪ እናስበው። በእጅ የሚመጣ ወረቀት ማንን ያግዳል? ለማጭበርበር የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያዘጋጀው ወረቀቱን ነው። ማኅተም ያስቀርጻል፣ ደብዳቤ ያስጽፋል፣ ምስክር ይገዛል። ወረቀት የሌለው ብዙ ጊዜ ከምሽግ በቃሬዛ የወጣው ነው። በዚያ ሰዓት ደሙን እንጂ ደረሰኙን የሚያስብ የለም። ስለዚህ «ወረቀት ያለው ይታመን፣ የሌለው ይመለስ» የሚለው ደንብ በሁለቱም በኩል ይስታል። አጭበርባሪውን ያሳልፋል፣ እውነተኛውን ይመልሳል።

መፍትሔው መዝገቡን ከባለቤቱ በቀጥታ መጠየቅ ነው። ጥያቄውን የተቀበለው ቢሮ ለመከላከያ ይጻፍ፣ ለሆስፒታሉ ይጻፍ፣ መልሱም ለቢሮው ይምጣ። ቁስለኛው ስሙን፣ መለያ ቁጥሩን፣ የጦር ክፍሉን፣ የቆሰለበትን ቦታና ጊዜ ይናገር። እንዲህ ከሆነ ሐሰተኛ ማኅተም ዋጋ ያጣል።

መዝገብ ሲባል አንድ ወረቀት ብቻ መስሎ የሚታያቸው አሉ። አይደለም። የግል ማኅደሩ መቼ እንደተቀጠረና መቼ እንደተሰናበተ ይናገራል። በሕክምና ቦርድ ከተሰናበተ ውሳኔው እዚያው ሊኖር ይገባል። ግን ቆስሎ፣ ታክሞ፣ ተመልሶ የተዋጋ ስንት ሰው አለ? የዚያ ሰው ስንብት ከቁስሉ ጋር ምንም ግንኙነት ላይኖረው ይችላል። «የስንብት ደብዳቤው ላይ ቁስል አልተጻፈም፣ ስለዚህ አልቆሰለም» ማለት ስህተት ነው። መሄድ ያለብን ወደ ሌሎቹ ነው። የክፍሉ የቁስለኛና የሙት ዝርዝር አለ። የሆስፒታል ካርድ አለ። ከአንዱ ሕክምና ወደ ሌላው የተላከበት ወረቀት አለ። የደመወዝ መክፈያው እንኳ ሰውዬው በዚያ ወር የት እንደነበረ ይጠቁማል።

ራጅም ይረዳል፣ ግን ልኩን እንወቅ። ራጅ ብረቱን ያሳያል። ብረቱ የት እንደገባ አያሳይም። የሕክምና ቦርድም የጉዳቱን መጠን ይወስናል እንጂ ከኤርትራ ጋር ውጊያ የነበረበት ጾረና ላይ አልነበረም። የዛሬውን ሰውነት ከያኔው ቦታ ጋር የሚያገናኘው የክፍሉ መዝገብ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ካልተነበቡ፣ በመኪና አደጋ የተሰበረና በፈንጂ የተሰበረ እግር አይለዩም። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ሁሉ ክብርና ካሳ ይገባዋል። ግን ጥያቄው «በውጊያ ነው ወይ?» ከሆነ መልሱ ከራጅ ክፍል አይገኝም።

አንድ የማውቀው ሰው የደረሰበትን ልንገራችሁ። የመንዝ ልጅ ነው። መጋቢት 1991 ጾረና ላይ ቆስሏል። ከዓመታት በኋላ የሕክምና ወረቀቱን ይዞ አንድ ቢሮ ሄደ። ጸሐፊዋ አየችውና «ጋሼ፣ እርስዎ በ91 ቆሰልኩ ይላሉ፣ ወረቀቱ 1999 ይላል። አይገናኝም» አለችው። ሐኪሙ የጻፈው በእንግሊዝኛ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር። ማርች 1999 ማለት የእኛ መጋቢት 1991 ነው። ስምንት ዓመት የሚመስለው ልዩነት አንድ ቀን እንኳ አልነበረም። ይህን ያስተዋለው ተራ ሲጠብቅ የነበረ አንድ ጡረተኛ መምህር ነው። መምህሩ ያን ቀን ባይመጡስ? ልጅቷን አልወቅስም። መዝገብ እንዴት እንደሚነበብ ማንም አላስተማራትም። ግን የሰው ሕይወት የሚወሰንበት ወንበር ላይ ያስቀመጣት አለቃ ማስተማር ነበረበት።

የስም ነገርም እንዲሁ ነው። ኃይሉ በአንዱ ወረቀት በ«ኃ»፣ በሌላው በ«ሀ» ይጻፋል። የአያት ስም አንዱ ጋ አለ፣ ሌላው ጋ የለም። በዚህ ብቻ «የተለያዩ ሰዎች ናቸው» ብሎ መመለስ ግፍ ነው። መለያ ቁጥሩን፣ የትውልድ ቦታውን፣ የእናቱን ስም አብሮ ማየት ምን ይከብዳል?

ከሁሉም የሚከብደኝ የቀድሞው ሠራዊት ጉዳይ ነው። በ1969 ከገበሬ ማኅበር ተመልምሎ ታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነ ሚሊሺያ አለ። ከ1976 ጀምሮ በብሔራዊ ውትድርና የሄደ ወጣት አለ። ናቅፋ፣ አፍአበት፣ ምጽዋ የቆሰሉ ሰዎች እዚህ ዞን ውስጥ ዛሬም አሉ። ግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን ብዙዎቹ በእግራቸው ነው የተመለሱት። የብዙ ክፍሎች መዝገብም በየሜዳው ቀርቷል። ከዚያ በኋላ የተቋቋመው የማቋቋሚያ ኮሚሽን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩትን መዝግቦ መታወቂያ ሰጥቷል፤ ያ ዝርዝርም ሊጠየቅ ይገባል። ግን ተሸሽጎ ቀጥታ ወደ እርሻው የገባውስ? እሱን የግል ማኅደር አምጣ ማለት አታገኝም ማለት ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ሐምሌ 1965 አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ ያለው የወታደሮች ማኅደር ማከማቻ ተቃጠለ። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚገመት ማኅደር ወደመ። እ.ኤ.አ. ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦሩ ከተሰናበቱት የ80 በመቶው ያህል ማኅደር ጠፋ። መንግሥቱ ግን «ተቃጥሏል፣ ደህና ሁኑ» አላለም። የደመወዝ ሰነድ፣ የሆስፒታል መዝገብ፣ ክፍሎች በየጠዋቱ የሚጽፉት የሰው ኃይል ሪፖርት እየተፈለገ ማኅደሩ እንደገና እንዲሰባሰብ አደረገ። ሕጋቸውም አንድ ጥሩ ነገር አለው። ውጊያ ላይ የነበረ ወታደር «እዚያ ተጎዳሁ» ካለ፣ ቃሉም ካገለገለበት ቦታና ሁኔታ ጋር ከተስማማ፣ ጉዳቱ በመዝገብ አለመጻፉ ብቻውን አይጥለውም። ማስረጃው ወዲህና ወዲያ እኩል ሲመዝንም ውሳኔው ለወታደሩ ያጋድላል። ሀብታም ስለሆኑ ነው እንዳይባል፣ ይህኛው ደንብ ገንዘብ አይጠይቅም።

እኛም ምስክር እንቀበላለን። የምንቀበልበት መንገድ ግን ደካማ ነው። «ጥሩ ሰው ነው፣ እናውቀዋለን» የሚሉ ሦስት የቀበሌ ሰዎች ስለ ውጊያው ምን ያውቃሉ? ምስክሩ ከዚያው ሻምበል፣ ቢቻል በሻምበሉ ውስጥ ካለው አነስተኛ ክፍል፣ ከዚያው መቶ ይሁን። ለየብቻ ይጠየቅ። ማን አነሳው? በየት በኩል ወጣ? የትኛው ሕክምና ደረሰ? ይህ ከክፍሉ ታሪክ ጋር ይመሳከር። ክፍሉ በዚያ ወር ቡሬ ግንባር ከነበረ፣ ዛላምበሳ ቆሰልኩ የሚለው ሰው ማብራራት ይጠበቅበታል። ሐሰት የሚያዘው እንዲህ ነው።

ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ላይ 121 ሰው እንደሞተበትና 536 እንደቆሰለበት ዛሬ በአኃዝ እንናገራለን። ስለተመዘገበ ነው። ለቅርቡ የሰሜኑ ጦርነት ይህን ያህል አድርገናል? ኅዳር 2014 ውጊያው ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደርሶ ነበር። በክተት ጥሪው የወጣው ሚሊሻና ገበሬ መከላከያ ውስጥ ማኅደር የለውም። ከዚያ በፊት ሚያዝያ 2013 አጣዬ ስትቃጠል ሰው ከነሰነዱ ቤቱን አጥቷል። እነዚህ ሰዎች ከዛሬ 20 ዓመት በኋላ ምን ይዘው ይቀርባሉ?

አሁን ጊዜ አለ። አብረዋቸው የነበሩት በሕይወት አሉ። ያከሟቸው ነርሶች ሥራ ላይ ናቸው፣ ካርዶቹም ገና ሩቅ አልሄዱም። እያንዳንዱ ወረዳ የዘማቾቹንና የቁስለኞቹን ዝርዝር ከቀበሌ ከቀበሌ ይሰብስብ። ከሆስፒታል ካርድ ጋር ያመሳክር። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። አንዱን ቅጂ ወረዳው፣ አንዱን ዞኑ ያስቀምጥ፣ አንዱን ደግሞ ቁስለኛው በእጁ ይያዝ።